ሂንዳን ማን ጠየቃት?

ደሃቦ ጅጅጋ ውስጥ የግመል ወተት ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከሀርሺን በመኪና የሚመጣውን ወተት ማለዳ ትረከብና ረፋዱ ላይ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር። ሴት ልጇ ሂንዳ ጂዳ ሄዳ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገንዘብ መላክ ስትጀምር ግን ደሃቦ የወተት ተራዋን ለሌላ ሴት ለቀቀች። ወንዱ ልጇ ዐብዲወሃብም ብየዳውን ተወ። እህቴ እያለችልኝ ዓይኔን በእሳት የማጠፋው ለምኔ ነው ይል ነበር፤ ከቀትር በኋላማ ከጫት ላይ የሚያነሳው የለም። እንግዲህ ፍረዱ! ሁለት ጤነኛ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ተቀመጡ።

ሂንዳ የምትደውለው ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ይህን ዘመድ ሁሉ ስለሚያውቅ በሰዓቱ ቤቱ ይሞላል፤ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዷ የጣራዋን ማፍሰስ፣ ሌላው የሞተችበትን ጊደር ይነግራታል። ዘመድን መርዳት ደግ ወግ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንቺስ እንዴት ነሽ፣ በልተሻል ወይ ያላት አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሆዷን እንደሚያማት ተናግራለች። ደሃቦ የሙቀቱ ነገር ነው፣ ውሃ ጠጪበት ብላት ወደ ዐብዲወሃብ ሠርግ ወሬ አለፈች።

በ2005 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ወር ሲቀረው ሂንዳ በሰለለ ድምፅ ደወለች።

«ሆዮ፣» አለቻት፤ በሶማልኛ እናቴ ማለቷ ነው፤ «ዛሬ ለብቻሽ የምነግርሽ አለኝ። እባክሽ ወደ ደጅ ውጪልኝ።»

ደሃቦ ዙሪያዋን አየች። የሟች ባሏ ወንድም ማሃሙድ አፍጥጦ ይጠብቃል። ስልኩን ይዛ ብትወጣ የተላከውን ልትደብቅ ነው መባሏ አይቀርም። ሐሜቱን ፈራች። ስለዚህ የስልኩን ድምፅ ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አደረገችና «ያለው ዘመድሽ ነው ልጄ፣ ተናገሪ» አለቻት።

ሂንዳም «ምንም አይደል፣ ሆዮ። ለሠርጉ እልካለሁ» አለች።

ላከችም። ያን ያህል ልካ አታውቅም። ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ማሃሙድ በሌለችበት እጁን ዘርግቶ መረቃት፤ ሠርጉም ረመዳን ሳይገባ ተበላ። የቤት ሠራተኛ ይህን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት አመጣችው ብሎ የጠየቀ አልተገኘም።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ዓርብ ስልኩ ጮኸ፤ ቤቱ እንደ ልማዱ ሞልቷል። የደወለችው ግን አብራት የምትኖር ሳዳ የምትባል የሐረር ልጅ ነበረች። ሂንዳ ሆስፒታል ውስጥ አርፋ በትናንትናው ቀን ተቀብራለች።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ማሃሙድም አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ስልኩን ተቀብሎ «ያስቀመጠችው ነገር ይኖር ይሆን?» ሲል ሳዳን ጠየቃት።

ደሃቦ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። ሐሜት ከእንግዲህ ምኗ ነው? ደጅ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና «የት ነበር የሚያማት?» አለች።

«ከእምብርቷ በታች። ስምንት ወር ሙሉ» አለች ሳዳ። «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ስላሏት ለሱ አጠራቅማ ነበር፤ ለሠርጉ ላከችው። አትላኪ ብለን ስንጮህባት ‹ሆዮ ብታውቅ እሺ አትልም ነበር፤ ብቻዋን ግን አላገኘኋትም› አለችን።»

ደሃቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ «ልጄን በላኋት» አለች፤ ሊያጽናናት የወጣውን ሁሉ ወደ ቤት አታስገቡኝ ብላ መለሰች።

ዛሬ ወተት ተራ ተመልሳለች። ዐብዲወሃብም አንገቱን ደፍቶ ብየዳውን ይዟል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ስንቱን አስተምሯል፣ ስንቱንም አሳክሟል፤ ክፉ ነው የሚል የለም። ነገር ግን አገር ቤት ያለውን እጅ ሥራ ካስፈታ፣ የላኪውንም ጤና ካስረሳ፣ ቤትም አገርም አያቆምም። እኛ የምንቆጥረው ብር እሷ ያልታከመችበት መሆኑን ሳንጠይቅ በምን እናውቃለን?

በወተት ተራው ሴቶች ከዓረብ አገር ስለተላከላቸው ሲጫወቱ ደሃቦ ስንት እንደሆነ አትጠይቅም። «ልጅሽን ምን ያማታል?» ትላለች። አብዛኞቹ አያውቁም።