ከጭስ ማውጫው ያልወደቀው ጡብ

ትያርት ዊርሴማ ሳሎኑ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የጭስ ማውጫው ጡብ ጀርባው ላይ ተከምሮበት ተገኘ። ጎህ ሲቀድ መሬቱ ለጥቂት ሰከንዶች ተንቀጥቅጦ ነበር። የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬቱ ሥር መቀዳት ከጀመረ ወዲህ በሰሜን ግሮኒንገን መሬት ሲንቀጠቀጥ ማንም አይደነቅም። የመንደሩ ሐኪም አስከሬኑን አየና «ቤቱ ገደለው» አለ። የሰማው ሁሉ አመነ።

ኢንስፔክተር ፍራውከ ሜዴማ ግን የግንበኛ ልጅ ነበረች። የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ ተንበረከከችና ጡቦቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየች። ከዚያም የሟቹን ኮት ጀርባ በጣቷ ዳበሰች፤ ጣቷ ንጹሕ ነበር። ደረቱን ቀና ስታደርገው ቀይ አቧራ ለብሷል። በቀኝ እጁ የእንጨት መለኪያ ጨብጧል። ደም የነካውን ጡብ በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች።

ቤቱ እንደ አገሩ አሮጌ የገበሬ ቤቶች ራስ፣ አንገትና ገላ አለው። ራሱ ባለ ረጃጅም መስኮት መኖሪያው ነው፤ አንገቱ ጠባቡ ወጥ ቤት፤ ገላው ደግሞ ግዙፉ ጎተራ። ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት የቆመ ነው። አሁን ግን በአራቱም ማዕዘን በግንድ ተደግፏል። ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አንዲት ጡብ ከቦታዋ አትነሳም።

አስከሬኑን ያገኘው የቅርስ ጥበቃው ሰው፣ ኤግበርት ቶክሶፔየስ፣ ከድጋፉ ግንድ ሥር ቆሞ መነጽሩን ይጠርጋል።

«እንዴት ገቡ?» አለችው።

«የስንጥቅ ቆጠራ ቀጠሮ ነበረን። ሚስቱ ወይዘሮ ሂልየ በሩን ከፍተው “ሳሎን ነው ያለው” አሉኝ።»

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«እዚህ ግቢ ከእኔ ጋር የሚስማማው እሱ ብቻ ነበር! ሌላው ሁሉ ቤቱ እንዲፈርስ ነው የሚመኘው።»

«እኔን ነው የሚለው» አለ ከጎተራው በር የመጣው ሰው። የሟቹ ልጅ ሬይንደር ነው፤ አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ ከጎተራው ጀርባ በጊዜያዊ የቆርቆሮ ቤት ይኖራል። «አዎ፣ ይፍረስ ብያለሁ። አንተ ግን ጡብ ሲሰነጠቅ ታለቅሳለህ፤ ሰው ሲሰነጠቅ ፎርም ትሞላለህ።»

ፍራውከ ጨርቁን ፈታ ጡቡን አሳየችው። «ይህን ታውቀዋለህ?»

«ጥንት መነኮሳት የሠሩት ትልቅ የገዳም ጡብ ነው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ ሲባል ጋሪ እየጎተተ ሄዶ ይለቅም ነበር። ጎተራው ሞልቷል።»

«የጎተራው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ሬይንደር ኪሱን ዳበሰ። «እኔ ጋ» አለ።

ጎተራ ገብታ ክምሩን አየች። ጡቦቹ ሻካራ ናቸው፤ ድር አድርቶባቸዋል፤ አንድም የተነሳ አይመስልም።

ሂልየ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ ትቀዳለች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሳሎኑ የሚያገናኘው በር ሊዘጋ ሲል አንድ የእንጨት ጫማ በእግሯ ገፍታ አስደገፈችው።

«ክፈፉ ዘሟል፤ ካልያዙት ራሱን ይዘጋል» አለች። «ስኳር ላድርግልሽ?»

«አንድ ይበቃኛል። የጫማው ጓደኛ የት ሄደ?»

«ውጭ ነው መሰለኝ።»

ፍራውከ ከጫማው አጠገብ ያለውን ወለል አየች። በጠቆሩት ሰድሮች መሃል አንድ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰችና ሁለቱን ወንዶች ጠራች።

«ትያርትን የገደለው መንቀጥቀጡ አይደለም» አለች ሁሉም ሲቀመጡ። «ጭስ ማውጫው ወድቆበት ቢሞት ኖሮ አቧራው ጀርባው ላይ ይቀር ነበር። አቧራው ግን ከሥሩ ነው። ጭስ ማውጫው ወደቀ፣ አቧራው ሰከነ፣ ከዚያ ሰውየው መለኪያውን ይዞ ገባ። ጡቡ የተከመረበት ከሞተ በኋላ ነው።»

«መድኃኔ ዓለም!» አለ ኤግበርት።

«የጭስ ማውጫው ጡብ ትንሽ ነው፤ ነጭ ኖራ ተጣብቆበታል። ደም የነካው ግን ትልቅ የገዳም ጡብ ነው፤ ኖራ የሚባል አልነካውም።»

«ቁልፉ ደግሞ ልጁ ጋ ነው» አለ ኤግበርት ቀስ ብሎ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። የጎተራዎቹ ግን ሻካራ ናቸው። ይሄ አንድ ጎኑ ለስልሷል፤ የወለል ሰም ጠጥቷል። ለዓመታት ወለል ላይ የኖረ ጡብ ነው።» ጡቡን አነሳችና ነጣ ባለው አራት ማዕዘን ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። «ትናንት ይህን በር የያዘው እሱ ነበር። ዛሬ በጫማ ተተክቷል። አቶ ኤግበርት ሲመጡ ከሳሎን አልፈው አልሄዱም። ሬይንደርም የሚያድረው በቆርቆሮ ቤቱ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለ ሬይንደር ብድግ ብሎ። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ጻፊው!»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አለች ሂልየ። «አንድ ሰው ይበቃል።»

ሲኒዋን ከፊቷ ገፋ አደረገች።

«ጭስ ማውጫው የወደቀው በየማታው በምቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። አደቀቀው። ትያርት መጣ፤ አሁንስ እንሂድ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጡቡን እያገላበጠ “ሂልየ፣ ብዙዎቹ አልተሰበሩም፤ እንደገና እንገነባዋለን” አለኝ። ወንበሩን አላየውም። ወጥ ቤት ሄጄ ጡቡን አመጣሁ። ጡቡ ከባድ ነው፤ መተው እችል ነበር። ስመለስ አሁንም ይለካ ነበር።»

ሬይንደር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኤግበርት መነጽሩን አወለቀና «ሬይንደር፣ አሁን ይህን የምል ሰው መሆኔን እጠላዋለሁ» አለ። «የቤቱ ባለቤት አንተ ትሆናለህ። ጭስ ማውጫው እንደነበረው ሆኖ መመለስ አለበት። በዚያው ጡብ። ሕጉ ነው።»

ሬይንደር መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ አልቆም ብሎት ግድግዳ ተደገፈ። ከግድግዳው ቀጭን አቧራ ትከሻው ላይ ፈሰሰ።

ፍራውከ ሂልየን ራሷ መኪና እየነዳች ወደ ከተማ ወሰደቻት። ጠፍጣፋውን እርሻና ቦዩን አልፈው ብዙ እስኪርቁ ሴትየዋ ወደ ኋላ አልዞረችም።

«የምታስገቢኝ ቤት ከምንድን ነው የተሠራው?» አለች።

«ከኮንክሪት።»

«ይንቀጠቀጣል?»

«መንቀጥቀጡ እዚያ እንኳ አይደርስም።»

ሂልየ የለበሰችውን ካፖርት ቁልፍ በጣቷ ነካካች። «አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ቢንቀጠቀጥ ሮጬ ልወጣ ካፖርቴን ለብሼ ነው የተኛሁት» አለች። «ዛሬ አወልቀዋለሁ።»

ፍራውከ መንገዱን እያየች ነዳች።