የዘናጩ የክት ጫማ

የመጀመሪያው ክር በምላጩ ጫፍ ሲበጠስ ልጅቷ ወደ በሩ ተመለከተች። ማንም የለም። አባቷና እናቷ ለቅሶ ቤት ናቸው፤ ቶሎ አይመለሱም። ቡኒውን ጫማ ጭኗ ላይ አስተካክላ ከተረከዙ ወደ ላይ የሚወጣውን የኋላ ስፌት መፍታቷን ቀጠለች። የምትፈታው አባቷ ጠዋት የሰፋውን ነው።

ስፌቱ ስፌት አይባልም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ደግሞ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጎን የሄደ። ከሁሉ የከፋው ቀዳዳው ነበር። አሮጌ ጫማ ሲጠገን መርፌው መግባት ያለበት ጫማው ሲሠራ በተበሱት ቀዳዳዎች ብቻ ነው፤ ቆዳ አንዴ ከተበሳ አይድንም። ይህን ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው። አሁን ግን ከድሮዎቹ ቀዳዳዎች አጠገብ እዚህም እዚያም አዳዲስ ቀዳዳዎች ተበስተዋል። ልጅቷ በቡኒ ሰም አንድ በአንድ ደፈነቻቸው።

አባቷ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ሌላው ሰው ደጋግሞ አንብቦ ያለፈውን ስህተት እሱ ገጹን ገና ሲገልጠው ያየዋል ይባልለት ነበር። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም ዘናጩ ከሚለው ወዳጁ ጋር አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ ይሄዳል። ሁለቱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከሶሉ እስከ አፉ ከቆዳ የተሠራ የድሮ የወንድ የክት ጫማ። ከልብስ ክምርና ከተሰበረ ወንበር ሥር ጎትተው ያወጡታል፣ ያሸቱታል፣ ወገቡን አጥፈው ይሞክሩታል። ቤት ካመጡት በኋላ አጥበው፣ ቆዳውን ቅባት አጠጥተው፣ የበሰበሰ ክሩን አውጥተው እንደገና ይሰፉታል። የእነ ልጅቷ ቤት አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የጫማ መደርደሪያ ሲሆን፣ በየጫማው ውስጥ ቅርጹን እንዳይለቅ የእንጨት እግር ገብቶበታል። እናቷ «እኔ ያገባሁት አንድ ወንድ፣ እግሩ ግን የአንድ ሻለቃ ጦር» እያለች ትቀልድ ነበር።

አባቷ ጫማዎቹን አያደርጋቸውም፤ ዘናጩ ግን ያደርግ ነበር። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ የተወለወለ የክት ጫማ ተጫምቶ፣ ኩሬ ካየ ዞሮ የሚሄድ ሰው ነው። ልጅቷ በግራ እጇ ስለምትጽፍና ስለምትሰፋ «ግራኟ» ይላታል። የክፍሏ ልጆች ከጥፍሯ ሥር የማይለቀውን ቀለም እያዩ «አንቺ ደግሞ ስታካብጂ፣ ጫማ ነው እኮ» ሲሏት የምታኮርፈውን ኩርፊያ የሚያስረሳት እሱ ነበር። በር ላይ ቆሞ «ግራኟ፣ ያንን አሮጌ አባትሽን ጥሪልኝ» ሲል ቤቱ ሁሉ ይሞቃል። ትናንት ጠዋት ሞተ።

ባለፈው ዓመት የአባቷ ዓይን ከመሃሉ መጥፋት ጀምሮ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ በርም ደረጃም አይስትም። ፊት ለፊት የሚመለከተው ነገር ግን ጭጋግ ሆኖበታል። ሐኪሙ ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደው አይመለስም አለ። አባቷ ማተሚያ ቤቱን ለቀቀ፤ ጫማውን ግን አልተወም። ዓይን ምን ያደርጋል፣ ጣቴ ያያል ይል ነበር።

ጣቱም አላየለትም። ያን ጊዜ አንድ ጥቁር ጫማ ሰፍቶ እንደጨረሰ እናቷ ስፌቱን አየችና ልጅቷን ወደ ማድ ቤት ጠራቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህም ከቀረበት ሰውየው ከአልጋ አይነሳም፤ አንቺ እሱ ሳያይ አስተካክይለት አለቻት። አስተካከለችለት። ዘናጩ መጥቶ ጫማውን ሲያገላብጥ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ «እጅህ አልከዳህም» አለና በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ እሷን አያት። የአባቷ ፊት ፈካ። ልጅቷ ደስም አላት፣ አፈረችም። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ጫማ ሁለት ጊዜ ተሰፋ።

ይህ ቡኒው ግን የዘናጩ የራሱ ነው፤ ሁለቱ ወዳጆች መጀመሪያ ያገኙት፣ ዘናጩ ለትልቅ ነገር ብቻ የሚያወጣው። አንዳቸው የሌላውን ጫማ ለሌላ እጅ ላይሰጡ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቃል ተገባብተዋል። ዘናጩ አልጋ ላይ ሲውል የኋላው ክር መበስበሱን አይቶ ጫማውን ወደ አባቷ ላከ፤ አንተው ራስህ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው አለ። ተሰፍቶ ሳያየው አለፈ። ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች እየተጠበቁ ስለሆነ ቀብሩ ነገ ነው፤ ባለቤቱ በዚያ ጫማ ይቀበራል ብላለች። አባቷም ጠዋት ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲሰፋ ነበር። ልጅቷ መርፌው ጣቱን ሲወጋው፣ ደሙን በሱሪው ጠርጎ ሲቀጥል በሩ ላይ ቆማ አይታለች።

ስለዚህ የምትሠራው ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ግን ደግሞ ያ ኩሬ እየዞረ የኖረ ሰው በዚህ ስፌት ይሸኝ? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት የቀኙን ጨረሰች። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ሆነ። የግራውን ልታነሳ ስትል ውጭ የእናቷን ድምፅ ሰማች። ምላጩን ኪሷ ከተተች።

አባቷ ኮቱን ሳያወልቅ ጫማዎቹን ጠየቀ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሊወለውላቸው ነው። የቀኙን ሰጠችው። በጨርቅ ጎኑን፣ አፉን፣ ከዚያ ተረከዙን አሸት አሸት አደረገና ቆመ። ጨርቁን አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ስፌቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰው።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

እናቷ ነጠቅ አድርጋ «አንተው ነህ እንጂ፤ ጠዋት ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለች። ከኋላው ሆና በዓይኗ ልጅቷን ትለምናለች።

«የኔ ስፌት ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድለው። ይሄ ወደ ግራ ነው።» ፊቱን ወደ ልጅቷ አዞረ። «አንቺን ነው የምጠይቅሽ፣ ልጄ።»

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ቆዳው ስላረጀ ነው፣ ተሳስተህ ነው ብትለው ይበቃል። ያስፈራትም ይኸው ነው፤ ያምናታል። ዓይኑን እንዳላመነው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አውራ ጣቱንም አያምንም። ከዚያ በኋላ በምን ሊያይ ነው?

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ጥቁሩንስ?»

«እሱንም።»

«ከሱ በኋላ ያሉትንስ?» ወዲያው ቀጠለ። «ዘናጩ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር መሰለኝ።»

አባቷ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። «ሌሎቹን አልዳሰስኳቸውም» አለ። «ዘናጩ ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝና፣ መዳሰሱን ፈራሁት።» ከዚያ መደርደሪያውን በእጁ እየተከተለ ወደ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ።

እናቷ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምን ነበረበት ዝም ብትዪ አለቻት፤ ቁጣ አልነበረውም፣ ድካም ነው። ከዚያ አለቀሰች። ለማን እንደሆነ፣ ለዘናጩ ይሁን ለባሏ፣ ልጅቷ አልጠየቀችም። እሷም ማልቀስ ፈልጋ እንባው እምቢ አላት። አባቷን በገዛ ቤቱ ያሞኙት እነሱ ናቸው፤ ያሞኙት ደግሞ ስለሚወዱት ነው። ሁለቱም እውነት መሆኑ ነው ያንገበገባት።

እናቷ ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ ልጅቷ ከጫማዎቹ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። የቀኙ የሷ፣ የግራው የሱ። የግራውን አሁን ብትጀምረው ሳይመሽ ታደርሰዋለች፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፣ የሚያይ ሰው ሁሉ እጁ ይባረክ ይላል። ምላጩን ከኪሷ አወጣች። ጫፉን ወደ ግራው ስፌት አስጠጋችው፤ መልሳ አራቀችው። ከዚያ የቀኙን አነሳችና የራሷን ስፌት ከላይ መፍታት ጀመረች። ጥብቅ አድርጋ ስለሰፋችው ክሩ በቀላሉ አልላላ አላት።

አዲስ ክር ቆርጣ ሰም አስነካችው፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት መርፌ ሰካች። ሄዳ የመኝታ ቤቱን በር በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«አባዬ፣ ክሩን አዘጋጅቼልሃለሁ።»

ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

«የቀኙን ፈታሁት። የግራው አንተ እንደሰፋኸው ነው፤ አልነካሁትም።»

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ኮቱን አሁንም አላወለቀም። በእሷ ጎን አልፎ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበሩ ሄደ፤ ጫማውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሰም የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በጥፍሩ ዳሰሳቸው። ስንት እንደሆኑ አላወቀም ነበር። ይህን ከፊቱ ላይ አነበበች።

«ጠማማ ነው የሚሆነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ዘናጩ ምን ይለኛል?»

ልጅቷ አሰበች። የሰውየው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገና አልጠፋም። «ተረከዜን ማየት የፈለገ ይከተለኝ ይልሃል።»

አባቷ ሳቀ፤ አጭር፣ መሃሉ ላይ የተሰበረ ሳቅ። ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ሁለቱን መርፌዎች ከእጇ ተቀበላት። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ጎንበስ ማለት እንደማይጠቅመው ትዝ ብሎት ቀና አለና በአውራ ጣቱ ፈለገው።

መርፌው ሳተ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ሳተ። ቀዳዳው እዚያው ከጣቱ አጠገብ ነበር፤ ጫማውን ትንሽ ዘንበል ብታደርግለት ይገባ ነበር። ልጅቷ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች። ግራ እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት፤ ዓይኗን ግን ከመርፌው ላይ አላነሳችም።