የነብሮ ራስ

ከብልባላ ወጥተው አቀበቱን እንደጀመሩ በረዶ ወረደባቸው። ሙሉሃብት በቅሎዋ ላይ በተጫነው ሳጥን ላይ በደረቱ ተደፋ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የነብሮ ራስ ነው። ነብሮ የሙሉሃብት አባት ከቡችላነቱ ያሳደጉት፣ ትናንት ደግሞ አብዶ የእህቱን የሰብሌን እጅ የዘነጠለ ውሻ ነው። መንደሩ በድንጋይ ሊቀጠቅጠው ሲሯሯጥ፣ «ጭንቅላቱን እንዳትመቱት! አንጎሉ ከፈረሰ ምርመራ የለም!» ብሎ የለመነ ሙሉሃብት ነበር። ከሩቅ ገመድ ወርውሮ ያነቀውም እሱው። ነብሮ አንድ ጊዜ ጭራውን የቆላለት መሰለው። የእንስሳት ሐኪሙ ሰውአገኝ የነብሮን ራስ ቆርጦ፣ በላስቲክ ደራርቦ፣ በረዶ ሞልቶ አሸገለት። «ቤተ ሙከራው ሳይደርስ ከሞቀ ይበሰብሳል» አለው።

ሰብሌ ጠበል ገብታለች። ቄሱ ባይከለክሏትም ጠበል የገባ ሰው መርፌ አይወጋም ብላ ድርቅ አለች። ባለፈው በጋ አባታቸው አረጋንና ነብሮን አንድ መንገደኛ ውሻ ነክሷቸው ነበር። አረጋ ውሃ ባዩ ቁጥር እየጮኹ ሞቱ። ጋኔን ነው ተባለ።

«የእብድ ውሻ በሽታ ከነብሮ ላይ ከተገኘ እወጋለሁ፤ ካልተገኘ ተወኝ» ብላዋለች ሰብሌ።

ሙሉሃብት ሳጥኑን ቢዳስሰው ሞቋል። «ቀለጠ! አለቀልን!»

የበቅሎዋ ጌታ ሸዕባን ሳቀበት። «ያ ረቢ! ሰማዩ በረዶ እየዘረገፈልህ ታለቅሳለህ? እፈስ እንጂ!»

እየተደበደቡ በእጃቸው አፈሱ፤ በላስቲኩ ዙሪያ ጠቀጠቁት።

ሲመሻሽ ሽታው ጅብ ጠራ። በቅሎዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንቀጠቀጠች። ሙሉሃብት ሳጥኑን አቅፎ አለቱን ተደገፈ፤ ሸዕባን ዱላውን እያወናጨፈ ጮኸ። «ሂድ ወዲያ! ጤፍ ስጭን የት ነበርክ?» ጅቡ እያጉረመረመ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

ከገደሉ ማዶ ግን የባሰ ጠበቃቸው። ወሬ የሰሙ ገበሬዎች ጠመንጃ ይዘው መንገዱን ዘግተዋል።

«ያበደ ውሻ ራስ በመንደራችን አያልፍም! እዚሁ ይቃጠል!»

«ካቃጠላችሁት እህቴን አቃጠላችሁ!»

አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነህ?»

«የአረጋ።»

«ያ... እየጮኸ የሞተው?»

ሙሉሃብት አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የጎረምሳውን ጠመንጃ በእጃቸው ዝቅ አደረጉት። «እለፍ፣ ልጄ።»

ላሊበላ ላይ ከሸዕባን ተለይቶ፣ በጋሸና በኩል በጭነት መኪና ተጉዞ የእንስሳት በሽታ ቤተ ሙከራው ደረሰ። ምርመራውን የምትሠራው ማኅሌት ጓንትና መሸፈኛ አድርጋ ከነብሮ አንጎል ጥቂት ቆነጠረች፤ መስታወት ላይ ቀባች፤ ቫይረሱ ካለ ብቻ የሚጣበቅ የሚያበራ መድኃኒት አፈሰሰችበት። አጥባ በማይክሮስኮፕ አየች። ከዚያ እሱም እንዲያይ ፈቀቅ አለችለት።

ጥቁር ሰማይ ላይ አረንጓዴ ከዋክብት ተረጭተዋል።

«አለበት» አለች ማኅሌት። «እህትህ ግን ውጤት መጠበቅ አልነበረባትም። አሁኑኑ ትወጋ!»

ግቢው ውስጥ ቆሞ ደወለ።

«ሰብልዬ፣ በዓይኔ አየሁት።»

«ምን ይመስላል?»

ያምራል ለማለት አፈረ። «ብርሃን ነገር ነው።»

«አባባም ይኸው ነበረበት?»

«ይኸው ነው፣ እህቴ።»

«ጋኔን አልነበረበትም በለኛ።»

«አልነበረበትም።»

ለቅሶዋን ሰማ፤ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ለቅሶ። እሱም ግድግዳውን ይዞ አብሯት አለቀሰ።

«ነጠላዬን አቀብሉኝ» ስትል ተሰማው። «ወደ ጤና ጣቢያ ልሄድ ነው።»