ፖስተሩ ላይ ያለው ፊት

ሙታሌ ገመዱን በጥርሷ በጥሳ የፖስተሩን እሽግ ስትፈታ ሶምቦ ሙጫውን እያማሰለች ነበር። ቀና ብላ አየች። ማማሰያው እንጨት ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሙታሌ።

ፖስተሩ በሚቀጥለው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው የሚከበረውን የኪነ ጥበብ ሳምንት የሚያስተዋውቅ ነው። ረቡዕ «ከጭምብሉ በስተጀርባ ማን አለ?» በሚል ርዕስ የአንድ ፕሮፌሰር ንግግር፣ ሐሙስ የሥዕልና የሸክላ ዐውደ ርእይ፣ ቅዳሜ በሣሩ ሜዳ ላይ የማኪሺ፣ ጭምብል የለበሱ መናፍስት፣ ጭፈራ ይላል። ከጽሑፉ በላይ ትልቅ ፎቶ አለ። አካሉ ከማኪሺዎቹ አንዷ የሆነችው የምዋና ፕዌቮ ነው፤ ከአንገት እስከ እግር ጣት በገመድ የተጠለፈ ልብስ፣ ወገቡ ላይ ቃጭል። የእንጨቱ ጭምብል ግን ብብት ሥር ተወሽቋል። በጭምብሉ ቦታ፣ ከጠርሙስ ለስላሳ የሚጎነጭ፣ ላብ ያጠመቀው የጎልማሳ ፊት ይታያል።

የአባቷ ፊት።

«ቆይ ቆይ፣» አለች ሙታሌ ጠጋ ብላ። «ይሄ አባትሽ አይደል እንዴ?»

«አይደለም!»

«አቦ አትቀልጂ! ጥርሱ መሀል ያለው ክፍተት ራሱ—»

«አይደለም አልኩሽ እኮ!» ሶምቦ ድምፅዋ ሲጮኽ ለራሷም ተሰማት።

ሙታሌ ከሶምቦ ቤት ንሺማ ያልበላችበት ሳምንት የለም፤ የሶምቦን አባት ከገዛ አጎቷ ይልቅ ታውቀዋለች። ጓደኛዋ ዓይኗ እያየ ዋሸቻት።

የሙታሌ ወንድም ቻንሳ ከውስጥ ሻዩን ይዞ ወጣ። የዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ክበብ አባል ነው፤ ፖስተሩን ግቢው ውስጥና በሰፈራቸው በቻዋማ መንገዶች ላይ ለሚለጥፉለት ለሁለቱ ልጆች የፊት ወንበር ቃል ገብቶላቸዋል። «እንዴት ነው? አሪፍ አይደል?» አለ። «ሐሙስ ልምምድ ላይ ነው ያነሳሁት። የአዳራሹ የጓሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር፣ ቀጭ አደረግኩት። ሰውዬውን አላውቀውም፣ እሱም አላየኝም።»

ሐሙስ። ሐሙስ አባቷ ካብዌ ከተማ ነበር። ለግንብ ሥራ ተጠርቼ ነው ብሎ በጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ ሶምቦ ራሷ በሩ ድረስ ሸኝታዋለች።

«እቤት... እማዬ ትፈልገኛለች፣» አለች። አንዱን ፖስተር አጥፋ ከሹራቧ ሥር ከተተችና ወጣች።

መንገዱ ላይ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ሲያንባርቁባት አልሰማችም። በሶምቦ ሕዝብ በሉቫሌዎች ዘንድ ሊኪሺ፣ ከማኪሺዎቹ እያንዳንዱ፣ ሰው አይደለም፤ ከመቃብር የሚነሳ ነው። ምዋና ፕዌቮ ደግሞ በለጋነቷ የሞተች ቆንጆ ናት፣ ሕዝቧን ልትጎበኝ የምትመጣ። ከዚያ ውጭ ያለውን የሚያውቁት ሙካንዳ፣ ወንዶች ልጆች የሚገረዙበት የጫካ ሰፈር፣ ገብተው የወጡ ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴትና ልጅ አይጠይቅም። ሶምቦ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ቂል አይደለችም፤ ከልብሱ ውስጥ አንድ ሰው ይኖር ይሆናል ብላ ጠርጥራ ታውቃለች። ግን አንድ ሰው ሌላ፣ አባቷ ሌላ።

ስድስት ዓመት ሳይሞላት በጭፈራ መሀል ሰው ገፍቷት ወድቃ ነበር። ምዋና ፕዌቮ ጭፈራዋን አቋርጣ መጥታ አነሳቻት፣ አቧራውን ከጉልበቷ አራገፈችላት። ማታ አባቷ ከካብዌ ሲመለስ ሮጣ ነገረችው። አገጩን በእጁ ይዞ፣ «እንዴ! አንቺን? በእጇ?» እያለ አዳመጣት። ያን ሁሉ ዓመት ያን ነገር እንደ ጌጥ ይዛው ኖራለች። አሁን ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። የተናደደችው በእሱ ይሁን በቻንሳ ይሁን በራሷ አላወቀችም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቻዋማ ውስጥ አንድ ሰው ሞቅ ብሎት መጠጥ ቤት ውስጥ ስለ ጭምብሉ አወራ ተብሎ ሽማግሌዎቹ ልብሱን ወሰዱበት። ዳግመኛ አልጨፈረም። ከበሮ ሲመታ በርና መስኮቱን ይዘጋል ይባላል። አባቷ ምግብ ሲጠብቅ እንኳን ጣቶቹ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ ከመምታት አያርፉም፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው የገባት። ፖስተሩ ሰኞ ከተለጠፈ የእሱም በር ይዘጋል። ታናሽ ወንድሟ ቺኛማ ደግሞ በሚመጣው ዕረፍት ሙካንዳ ሊገባ ቀን እየቆጠረ ነው፤ ምስጢሩን እዚያ ከወንዶች አፍ መስማት ሲገባው ከመብራት እንጨት ላይ ሊያነበው ነው።

ለማስቆም ምክንያት መናገር አለባት። ምክንያቱ ደግሞ አፏ ሊያወጣው የማይገባው ነገር ራሱ ነው። እሷ አፏን ሞልታ «ሊኪሺው አባቴ ነው» ካለች ከፖስተሩ በምን ተሻለች?

እናቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ዳር የምትሸጠውን ቦንቦሊኖ መሳይ ቪቱምቡዋ እየጠበሰች ነበር። ሶምቦ ደንበኞቹ እስኪሄዱ ጠብቃ ፖስተሩን ዘረጋችላት። እናቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ አየች። ከፊቷ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም። ወረቀቱን ለአራት ቀደደችና ከመጥበሻው ሥር ፍሙ ላይ ከተተችው።

«ምን አየሽ?» አለች።

«እማ፣ አባባ እኮ—»

«ምን አየሽ ነው ያልኩሽ።»

ሶምቦ ፍሙ ላይ የሚነደውን ወረቀት አየች። «ምንም።»

«እኔም ምንም አላየሁም። ከየት ነው የመጣው?»

«ከሙታሌ ወንድም። ብዙ አለ። ሰኞ ይለጠፋል።»

የእናቷ እጅ ለአፍታ ቆመ፤ የሚጠበሰው ሊጥ ጫፉ ጠቆረ። «ሂጂ እንግዲህ፣» አለች፣ «እኔ ምን አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ሶምቦን ከፖስተሩ የበለጠ ያስደነገጣት ነገር ገባት። አባቷ ከካብዌ በመጣ ቁጥር እናቷ ሳትጠየቅ ውሃ ታሞቃለች፣ ጨው ትጨምርበታለች፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን እየደባበሰች «የካብዌ መንገድ እግር ይበላል» ትላለች። ግንብ የሚሠራ ሰው እግሩ ለምን ያብጣል? እናቷ ታውቃለች። ከጥንቱም ታውቃለች። አንድ ቀን እንኳን ትንፍሽ ሳትል፣ አንድ ቀን እንኳን ሳታሳፍረው ኖራለች።

ሶምቦ እየሮጠች ተመለሰች። ቻንሳ በረንዳው ላይ ስልኩን ይነካካል፤ ሙታሌ አኩርፋ ሙጫውን ታማስላለች።

«ቻንሳ፣ ፖስተርህ ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

ዓይኗ ከትልልቆቹ ፊደላት ላይ አረፈ። «የረቡዕ ንግግር ርዕሱ ምንድነው?»

«ከጭምብሉ በስተጀርባ ማን አለ?»

«መልሱን ከላይ ለጥፈኸው የለ! ፈተናውን ከነመልሱ አድለህ ማን ክፍል ይገባልሃል? ማንም አይመጣም። ባዶ ወንበር ፊት ነው ፕሮፌሰሩ የሚያወሩት።»

ቻንሳ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ፖስተሩን አነሳ፣ ራቅ አድርጎ አየው። «እሺ፣ ነጥብ አለሽ። ግን ታትሞ አልቋል። ሌላ የማሳትምበት የለኝም።»

«ፊቱን ብቻ እንሸፍነው። እኔ እሠራዋለሁ።»

«በምን? በነጭ ወረቀት እንዳይሆን! ሼም ነው። ካላማረኝ ሰኞ ጠዋት እንዳለ ይለጠፋል፤ ማታ ደግሞ ፎቶውን በክበቡ ገጽ ላይ እለቀዋለሁ።»

በምን እንደምትሸፍነው ሶምቦም አታውቅም ነበር። ሙታሌ እሽጉን ተሸክማ እንዳኮረፈች ተከተለቻት። የሶምቦ ክፍል ሲደርሱ ግን አልጋዋ ላይ፣ ጠዋት ያልነበረ ነገር ታጥፎ ተቀምጧል፤ የእናቷ ሰማያዊ ቺቴንጌ ሽርጥ፣ ቢጫ ወፎች ያሉበት፣ ቺኛማ ሲወለድ አባቷ የገዛላት። በላዩ ላይ መቀስ። እናቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ዳር ተመልሳ እየጠበሰች ነው።

ሶምቦ ጨርቁን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። ሙታሌ ትንሽ ቆማ አየቻትና ሙጫውን አቀረበች። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትለጥፋለች፤ የአባቷ ፊት አንድ በአንድ ከወፎቹ ሥር ገባ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች ሙታሌ።

«በናትሽ አትጠይቂኝ። ከነገርኩሽ ይበላሻል።»

«እናንተ ሉቫሌዎች ደግሞ!» ሙታሌ ከንፈሯን መጠጠች። «ቅድም ዋሽተሽኛል፣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ።» ሙታሌ ሌላ ወፍ ለጠፈች። ሲጨርሱ፣ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጠች፣ «የቻንሳን ስልክ መክፈቻ ግን አውቀዋለሁ፣» አለች። «ያ ፎቶ እስከ ሰኞ ማታ እዚያ የሚቆይ አይመስለኝም። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ ከነገርኩሽ ይበላሻል።»

ቻንሳ ወፍ ፊት ያላቸውን ፖስተሮች ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ። «ይሄ እኮ ራሱ ለዐውደ ርእይ ይሆናል!» አለ። ፎቶው ከስልኩ ላይ እንዴት እንደጠፋ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ቫይረስ ነው ይላል።

ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ሜዳ በሰው ተሞላ። አባቷ ሐሙስ ማታ «ነገ ካብዌ ነኝ» ብሎ ዓርብ በማለዳ ወጥቷል። ሶምቦ ከሙታሌና ከቺኛማ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ከከበሮዎቹ አጠገብ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ያለው ዛፍ ላይ ፖስተሩ ተለጥፏል። አንደኛው ሽማግሌ ጨርቁን በጣቱ ነካ አደረገ። ጨርቁ ከተላጠ አለቀ። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ እጁን አወረደ።

ምዋና ፕዌቮ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ። ወገቧን እየሰበቀች፣ ቃጭሉን እያንቃጨለች ሜዳውን ዞረች። ከዛፉ ፊት ስትደርስ ቆመች። የእንጨቱ ፊት ወደ ቢጫዎቹ ወፎች ዞሮ ቀረ። ከበሮ መቺዎቹ ተያዩ። ያን ጨርቅ ከማንም ሰው ቀድሞ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ የገዛው እሱ ነዋ። ሶምቦ መጥፋት ፈለገች። አሁን ያውቃል። ማወቋን ያውቃል።

ምዋና ፕዌቮ ቀስ ብላ ዞረች፣ በቀጥታ ወደ ፊት ወንበሮቹ መጣች። ቺኛማ የእህቱን ክንድ በጥፍሩ ያዘ። ሶምቦ የእንጨቱን ጉንጭ፣ የተጨፈኑ የመሰሉትን ዓይኖች አየች። አንገቷን ብትደፋ ነገሩ ይበላሽ ነበር፣ ለእሱም ለእሷም። አልደፋችም። ተነስታ ሳንቲሟን ከምዋና ፕዌቮ እግር ሥር አኖረችና፣ እንደ ማንኛዋም ሴት፣ ሁሉም እንዲሰማ «ከየት መጣሽልን ቆንጂት?» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ፤ እልልታው ቀለጠ። ምዋና ፕዌቮ ቃጭሏን አራግፋ ጨፈረች፤ እንደዚያ ስትጨፍር ማንም አይቷት አያውቅም።

አባቷ ሊመሽ ሲል እያነከሰ ገባ፣ ቦርሳውን እንዳንገተ። ቺኛማ ገና በሩ ላይ ተጠመጠመበት። «አባባ ምን እንዳመለጠዎት! ምዋና ፕዌቮ እኛ ፊት መጣች! እዚህ ጋ! ሶምቦ እንኳን አናገረቻት!»

«እንዴ!» አለ አባቷ አገጩን በእጁ ይዞ። «አናገረቻት?» ቺኛማን እየሰማ ዓይኑ ግን ሶምቦ ላይ ነበር። ያን ዓይን እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም።

እናቷ ልትነሳ ስትል ሶምቦ ቀደመቻት። ውሃውን ከምድጃው አወረደች፣ ጨው በተነችበት፣ ሳፋውን ተሸክማ መጥታ ከአባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ጫማውን ፈታችለት። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ገመዱ ያረፈበት ቦታ ቀልቷል።

«ካብዌ እንዴት ነበር አባባ?» አለች።

አባቷ የሱሪውን ጫፍ ወደ ላይ ጠቀለለ።

«ሙቀቱ አይጣል፣» አለ፣ ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ። «መንገዱ ግን ዛሬ ጥሩ ነበር።»

ሶምቦ እግሩን ውሃው ውስጥ አስገባችው።