ኤሊዋን አላነሳም

ሞሚና የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ታጁራ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ነው።

ሞሚና ሥዕል መሣል ትወዳለች። ወረቀት ሲያልቅባት በእንጨት አሸዋ ላይ ትሥላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ዓሣ አጥማጁ አባባ ሐንፈሬ ጠሯት። «ሞሚና፣ ነይ እስቲ። ቀስ ብለሽ ነይ።»

አሸዋው ላይ አንዲት የባሕር ኤሊ ተኝታለች። ከጋሪ ጎማ ትበልጣለች።

አፏ ውስጥ ነጭ ፌስታል ገብቷል። ልትውጠው ትታገላለች።

«ለምንድን ነው ፌስታል የምትበላው?» አለች ሞሚና።

«ምግብ መስሏት ነው» አሉ አባባ ሐንፈሬ። «ባሕር ውስጥ ልክ እንደ ፌስታል የሚንሳፈፍ ለስላሳ እንስሳ አለ። ኤሊዎች እሱን ይወዱታል።»

አባባ ሐንፈሬ ጎንበስ አሉ። ፌስታሉን ቀስ አድርገው ሳቡት። ሳብ... ሳብ... ሳብ... ወጣ።

ኤሊዋ «ኡፍፍፍ» ብላ ተነፈሰች። ከዚያ አሸዋውን እየገፋች ወደ ውሃው ገባች።

ሞሚና ፌስታሉን አገላብጣ አየችው። አረንጓዴ መስመር አለው።

አረንጓዴ መስመር ያለው ፌስታል የሚሰጠው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። የጋሽ ይማም ሱቅ።

ጋሽ ይማም ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ በርሜላቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። የሱቁን ቆሻሻ ባሕሩ ዳር ይደፉታል። «ጓ! ጓ! ጓጓጓ!»

የዚያን ቀን ሞሚና ጠበቀቻቸው። «ጋሽ ይማም፣ እዚህ አይድፉ። ዛሬ አንዲት ኤሊ ልትሞት ነበር።»

ጋሽ ይማም ሳቁ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ይወስደዋል።»

ደፉት። «ጓ! ጓ! ጓጓጓ!»

በማግስቱ ሞሚና እንጨቷን ይዛ ወጣች። ጋሽ ይማም በሚደፉበት ቦታ ላይ ትልቅ ኤሊ ሣለች።

በጣም ትልቅ ናት። ሞሚና ጭራዋን ሥላ ወደ ጭንቅላቷ ለመሄድ መሮጥ ነበረባት።

ጋሽ ይማም መጡ። ቆም ብለው አዩአት። «ቆንጆ ናት» አሉ።

ከዚያ ኤሊዋ ላይ ደፉባት። «ጓ! ጓ! ጓጓጓ!»

የሞሚና ዓይን እንባ ሞላ። እንባዋን በክንዷ ጠረገችው። «ደግሜ እሥላታለሁ» አለች።

በሚቀጥለው ቀን ቆሻሻውን ወደ ጎን ገፋች። ደግማ ሣለቻት። ጋሽ ይማም ደግመው ደፉባት። «ጓ! ጓ! ጓጓጓ!»

«ደግሜ እሥላታለሁ» አለች ሞሚና።

ቤት ስትገባ እናቷ እግሯን አየች። እስከ ጉልበቷ አሸዋ ነው።

«ሌላ ቦታ ብትሥዪስ?» አለቻት እናቷ።

«ኤሊዋ የወጣችው እዚያ ነው» አለች ሞሚና። «ሌላ ቦታ አልሥልም።»

 እናቷ አሮጌ ጓንት አውጥታ ሰጠቻት። «እንግዲያው ይህን አድርጊ። እጅሽን እንዳይቆርጥሽ።»

ጠዋት ሞሚና ጓንቱን አድርጋ ቆሻሻው ፊት ቆመች። ፌስታል አለ። የውሃ ጠርሙስ አለ። ክዳን አለ። የተበጣጠሰ መረብ አለ።

«ዛሬ በእንጨት አልሥልም» አለች። «በዚህ ነው የምሠራት።»

የጎረቤት ልጆች መጡ። አባባ ሐንፈሬም መጡ።

መረቡን ዘረጉት። ጠርሙሶቹን እግር አደረጓቸው። ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያሰሩ ድንጋይ የመሰለ ጀርባ ሠሩላት። ሁለት ቀይ ክዳኖች ዓይን ሆኑ።

አባባ ሐንፈሬ ንፋስ እንዳይወስዳት በገመድ ከአራት ችካሎች ጋር አሰሯት።

ኤሊዋ ከሞሚና ትረዝማለች። ወደ ባሕሩ የሚወስደውንም መንገድ ዘጋችው።

ጋሽ ይማም በርሜላቸውን እየጎተቱ መጡ። ማለፊያ አጡ።

«ይህን ነገር አንሺልኝ» አሉ።

«አላነሳም» አለች ሞሚና።

«አንሺው አልኩሽ።»

«አላነሳም።» ከቦታዋም አልተነቃነቀችም።

ልጆቹ አጠገቧ ተደረደሩ። «አናነሳም» አሉ ሁሉም።

ሰዎች ምን ሆነ ብለው ተሰበሰቡ። አንዲት ሴትዮ የኤሊዋን ጀርባ ነካ አደረጉ። «ይህ ሁሉ ፌስታል የማን ነው?» አሉ።

ሰዎቹ ጠጋ ብለው አዩ። ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ መስመር፣ አሁንም አረንጓዴ መስመር፣ አሁንም አረንጓዴ መስመር።

ጋሽ ይማም በርሜሉን አስቀመጡ። ኤሊዋን ዞረው አዩአት። ከፊትም አዩአት፤ ከኋላም አዩአት።

«የኔ ነው» አሉ በቀስታ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የቆሻሻ መኪና የሚቆመው ከላይ፣ አስፋልቱ ጋ ነው። ዳገቱን አልችለውም። ጉልበቴን ያመኛል።»

ሞሚና ይህን አታውቅም ነበር። ጉልበታቸውን አየች። ዳገቱን አየች።

«እኛ እንገፋልዎታለን» አለች። «ባሕሩ ዳር ግን አይደፉም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ይማም። «አልደፋም።»

በርሜሉን በአባባ ሐንፈሬ ጋሪ ላይ ጫኑት። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ገፉ። «ግፉ! ኳ! ኳ! ግፉ! ኳ! ኳ!»

ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «ግፉ! ኳ! ኳ!» እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም በላብ ርሰዋል። ጋሽ ይማም ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ደረሱ።

«እናንተ ልጆች ደረቆች ናችሁ» አሉ።

«አዎ» አለች ሞሚና።

ጋሽ ይማም ፈገግ አሉ።

ማታ እናቷ እግሯን አጠበችላት። አሸዋው በሳፋው ውስጥ ተጠራቀመ።

ሞሚና ፍራሿ ላይ ተጋደመች። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

«እማዬ፣ ነገ ረስተው ቢደፉስ?»

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት እናቷ።

«ሄጄ እቆማለሁ።»

እናቷ ነጠላውን እስከ ትከሻዋ አለበሰቻት። ግንባሯንም ሳመቻት።

«እንግዲያው እኔንም ጥሪኝ» አለቻት። «አብረን እንቆማለን።»