ሦስት ሰው «ይሠራል» ያለው ሳጥን

ጋሽ ሽቦ የሞቱት ምድር ቤት ባለው ወርክሾፓቸው ውስጥ ነው፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን እንዳጠለቁ። ላያቸው ሰው ዘፈን ጥሟቸው ዓይናቸውን የጨፈኑ ነው የሚመስሉት። መብራት ጠፍቶ ነበር። ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ቀጥ ብሏል፤ ቤቱ ገና ጭስ ጭስ ይላል። ጭሱን ጠርጎ እንዲያወጣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ማራገቢያ ግን ደሞዝ እንዳልተከፈለው ዘበኛ ዝም ብሏል።

የሰፈሩ ሰው ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። «ብልጭታ ነው» አለ። ብልጭታ ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ጄኔሬተሩን እዚያ የገጠመው እሱ፣ የማራገቢያውን ሽቦ የዘረጋው እሱ። ፖሊስ ከነካቻቢቴው ወስዶ አስገባው። በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ተብሎ ሊከሰስ ነው።

ጉዳዩ የተሰጣቸው መርማሪ «እትዬ ለምን» ይባላሉ። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ምንም ነገር ሲነገራቸው «ለምን?» ሳይሉ ስለማያልፉ ይሄኛው በዛው ተለጠፈባቸው። ባላቸው እንኳን «ዛሬ አመሸሁ» ከማለት ቢሮ ማደር ይሻለኛል ይላሉ አሉ።

እትዬ ለምን መጀመሪያ እስር ቤት ሄዱ።

«ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ለምን ገጠምክ?»

«ውጪ ይሁን ብያቸው ነበር። ‹ሌባ ይወስድብኛል፤ ደግሞ ማራገቢያው እያለልኝ ምን እሆናለሁ?› አሉኝ። ማራገቢያው ይሠራ ነበር፣ እትዬ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን የኔን ማን ይሰማል?» አለ ብልጭታ፣ ወለሉን እያየ።

ቀጥለው ወርክሾፑ ገቡ። የማራገቢያውን የእጅ ማብሪያ ጫኑት። ቡርርር ብሎ ተነሳ።

«ሽቦው ጤነኛ ነው። ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተነሳም?»

የሟች ልጅ አጠገባቸው ቆማለች፤ ዓይኗን ለቅሶ አባብጦታል። ግድግዳው ላይ ያለች የመጽሐፍ ያህል ሳጥን አሳየቻቸው። «እሷ ናት የምታስነሳው። ጭስ ሲሸታት ራሷ ታዘዋለች። ፕሮግራሙን አባዬ ነው የጻፈው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም በነፃ ወስዶ ቤቱ ይጠቀምበታል።»

«ስንት ቤት አለ?»

«ማን ቆጥሮት። ብዙ ነው።»

«በቅርቡ የተነካካ ነገር አለ?»

«አፕዴት ወጥቶለታል። ከውጪ ሆኖ የሰው ቤት ማራገቢያ ማጥፋት የሚቻልበት ቀዳዳ ተገኝቶ፣ አባዬ እሱን ደፈነ። በይለፍ ቃል።»

«ማን ሞከረው?»

«ሦስት በጎ ፈቃደኛ። የአባዬ ሕግ ነው። የሠራ ሰው የራሱ ጉድለት አይታየውም ይላል። ሦስት ሰው እቤቱ ጭኖ፣ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰክቶ፣ ጭስ አሳይቶት የተጠቃሚዎቹ ግሩፕ ላይ ‹ይሠራል› ብሎ ካልጻፈ አፕዴቱን አይለቅም።»

«እነማን ናቸው?»

ልጅቷ የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘች። «ሞባይል ጠጋኙ ‹አሁኑኑ›፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ዶክተር… እና እኔ።»

ለቀስተኛ ጠርቷት ወደ ላይ ስትወጣ እትዬ ለምን በሩን ዘጉና ሳጥኗን ነቅለው መልሰው ሰኩ። ሳጥኗ ረጅም ፉጨት አፏጨች፣ ጆሮ የሚበሳ። ትንሿ ስክሪን ላይ «አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ» የሚል ወጣ። ወረቀት ለኩሰው ጭሱን አስጠጉላት። ማራገቢያው ንቅንቅ አላለም።

የጆሮ ማዳመጫውን አዩት። «አይ ጋሼ» አሉ ለብቻቸው።

አሁኑኑን ሱቁ አገኙት። ደንበኛ ሁሉ «መቼ ይደርሳል?» ሲለው «አሁኑኑ» እያለ ሳምንት ስለሚያመላልስ ነው ስሙ። ከመስታወቱ በስተጀርባ «የደህንነት አፕዴት ሞካሪ» የሚል በወርቅ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ለጥፏል።

«ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ራሴ ነኝ ያሳተምኩት። የሞከረ ሰው ስሙ የፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ለቢዝነስ ጥሩ ነው።»

«የመጨረሻውን አፕዴት ሞከርከው?»

«እንዴ፣ ከሁሉም ቀድሜ ነው ‹ይሠራል› ያልኩት። አሁኑኑ።»

«ሶኬቱን መልሰህ ስትሰካ ሳጥኗ ምን አለች?»

«ጢጥ አለቻ። እንደ ወትሮዋ።»

«ዶክተሩስ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

አሁኑኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሶኬት? የሆነ ጊዜ ‹አፕዴቱ አይሠራም› ብሎ መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ ግሩፑ ላይ በሁላችን ፊት ለቀቀ። ለካ ሳጥኑን ሶኬት ላይ አልሰካውም ነበር። ጋሽ ሽቦ በሳቅ ሊሞቱ… ይቅርታ። እሳቸው ናቸው ሶኬት ያሉት። ተማሪዎቹም ሰምተው በዛው ቀረ። አሁን ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ‹ተሰክተዋል ዶክተር?› ይሉታል አሉ።»

ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ ክራቫቱን አስተካክሎ ተቀበላቸው።

«ሞክረውታል ዶክተር?»

«እኔ ሳልሞክር አልጽፍም። ሌሎቹን አላውቅም።»

«ሳጥኗ ምን አለች?»

«ታፏጫለች። የማታቆም ነው የሚመስለው። ድመቴ ደንግጣ ቁምሳጥን ሥር ገባች፤ በመጥረጊያ ነው ያወጣኋት።» ፈገግ አለ። ብዙም ሳይቆይ ፈገግታውን ሰበሰበው።

እትዬ ለምን አመስግነው ወጡ።

የሟችን ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ አገኟት። ተመሳሳዩን ጥያቄ ጠየቋት።

«ምንም አላለችም» አለች፣ ቀና ሳትል። የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው።

በማግስቱ ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ብልጭታንም እጁ በካቴና እንደታሰረ አመጡት። አሁኑኑ ሲያየው «አንተ፣ ሰው ገድለህ ቆመህ ትታያለህ?» አለው።

«ቆይ፣ ለስድብ ትደርሳለህ» አሉ እትዬ ለምን። ሳጥኗን ነቅለው መልሰው ሰኩ።

ፉጨቱ ቤቱን ሞላው። አሁኑኑ ዘለለ። የሟች ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ብልጭታ እንኳን በካቴናው ጆሮውን ለመድፈን ታገለ። ዶክተሩ ብቻ አልደነገጠም፤ ጫማውን ያያል።

«ሳጥኗ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የተሰጣትን የይለፍ ቃል ትረሳና እንዲህ ብላ አዲስ ትጠይቃለች» አሉ መርማሪዋ። «ካልተሰጣት ማራገቢያውን አታስነሳም። ያን ቀን መብራት ሄደ። ጋሽ ሽቦ ጄኔሬተሩን አስነስተው ቁጭ አሉ። ሳጥኗ አፏጨች፤ ጆሯቸው ላይ ዘፈን ነበር፣ አልሰሟትም። ማራገቢያው አለልኝ ብለው ተማመኑ፤ ጭሱ አፈናቸው። ስለዚህ የብልጭታ ሽቦ ምንም አልበደለም።» ወደ አሁኑኑ ዞሩ። «ጢጥ አለች አልከኝ። የድሮዋ ናት ጢጥ የምትለው። አዲሱን ጭነኸው አታውቅም። ለምን ዋሸህ?»

አሁኑኑ አንገቱን አከከ። «ስሜ እንዲወጣ ነው። ሌሎቹ ይሞክሩታል ብዬ… እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አንቺስ ልጄ? ምንም አላለችም ያልሽኝ?»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። «በየቀኑ ስልኩን ይዞ ሰው ሲለምን አየዋለሁ። ‹እባካችሁ ልጆቼ፣ ሞክሩልኝ› ይላል። የሚመልስለት የለም። ደግሞ ይጽፋል። ጓደኞቼ ‹አባትሽ ዛሬም ይለምናል› እያሉ ይልኩልኛል። አፈርኩበት። በቃ እንዲተው ብዬ ‹ይሠራል› አልኩት። በጣም ደስ አለው እኮ። ግንባሬን ሳመኝ።»

 አሁኑኑ ኮፍያውን አወለቀ።

«እናንተ ሁለታችሁ ዋሽታችኋል፤ ግን እንደማይሠራ አታውቁም ነበር» አሉ እትዬ ለምን። «ፉጨቱን የሰማ ግን ሞክሮታል። የሞከረ ደግሞ ማራገቢያው እንዳልተነሳ አይቷል። ዶክተር፣ ከሦስቱ የታዘዙትን የሠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያወቁትም እርስዎ ብቻ። ታዲያ ለምን?»

ዶክተሩ ክራቫቱን ፈታ አደረገ። 

«ሁለት ሰው ‹ይሠራል› ብሎ ነበር። እኔ ‹አይሠራም› ልል እጄን ስልኩ ላይ አደረግኩ። ከዚያ… ሶኬት ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ነቅዬ ሰካሁት። አሁንም አልተነሳም። የኔ ሳጥን ይሆናል የተበላሸው አልኩ። እንዳይስቁብኝ ‹ይሠራል› ብዬ ተኛሁ።»

«ለጋሽ ሽቦ ለብቻቸው ደውለው ቢነግሯቸውስ?»

«እሳቸው ናቸው ስሙን ያወጡልኝ» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ሰማውና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

የሟች ልጅ አየችው። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትሰድበዋለች። 

እትዬ ለምን የብልጭታን ካቴና ራሳቸው ፈቱለት። «አንተ ነፃ ነህ። የናንተን ጉዳይ አቃቤ ሕግ ያየዋል» አሉ ወደ ሦስቱ። «ግን ይሄ ሳጥን ሌላ ሰው ቤትም አለ። ዛሬም መብራት ይጠፋል። ዶክተር፣ ይጻፉ። በስምዎ።»

ዶክተሩ ስልኩን አወጣ።  ሳጥኑ እንደማይሠራ፣ ሲሞክረው እንዳየ፣ አይቶም እንደዋሸ ጻፈ። ጄኔሬተር ያለው ሰው ሁሉ ቶሎ ወደ ውጪ ያውጣ፣ ማራገቢያውን በእጁ ያብራ ብሎ ጨመረበት። ግሩፑ ላይ ላከው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ራቅ አለ።

ብልጭታ የእጅ አንጓውን እያሸ ወደ በሩ ሄደ። አሁኑኑ «ወንድሜ፣ ቅድም ያልኩህን…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው» አለ ብልጭታ። ሳያየው ወጣ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። የሟች ልጅ አንስታ ጮክ ብላ አነበበችው። ከማያውቁት ሰው ነው። «የኛም ቤት ከአፕዴቱ ወዲህ አይነሳም። እኛ ያበላሸነው መስሎን አፍረን ዝም አልን።»

ደግሞ ነዘረ። ይሄኛውም «የኛም ቤት» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ድምፅ ሳታወጣ አነበበችውና ስልኩን ለዶክተሩ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ስልኩ አሁንም ይነዝራል፣ ደግሞ ይነዝራል። እየነዘረ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ እየተንሸራተተ ሲሄድ አራቱም ቆመው ያዩታል፤ እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ።