የፋንትነሽ ደም

«እጅሽን ዘርጊ» አለች ነርሷ ሳሪት። «ቶሎ በይ!»

ልደት ዘረጋች። ትንሽ የደም ብልቃጥ መዳፏ ላይ አረፈች። ገና ሳትጨብጣት በሩ ተከፈተ።

ዶክተር ዮታም።

ሳሪት አልደነገጠችም። ፊቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማስረጃ ላቀብልሽ ብላ ሸጣታለች።

ልደት በዚህ በእስራኤል የፔታ ቲክቫ ከተማ የግል ክሊኒክ ወለል ስትወለውል ሦስት ሳምንቷ ነው። እዚህ ምሥራቅ ይሏታል። ለላኳት የጤና መርማሪዎች ደግሞ «ሰሊጥ» ናት። ክሊኒኩ መውለድ ላልቻሉ ሴቶች ደማቸውን ቀድቶ፣ በማሽን አሽከርክሮ፣ ፕላትሌት የሚባለውን የደም ክፍል ለይቶ፣ እንቁላል ማፍራት ያቆመ ኦቫሪያቸው ውስጥ መልሶ እንደሚወጋ ይነግራቸዋል። ሕክምናው ራሱ ገና በምርምር ላይ ነው። እዚህ ግን ማሽኑም አይዞርም። ልደት ክዳኑ ላይ ያጋደመችው ክር አንድም ቀን አልተነቃነቀም። የሚወጉት የጨው ውሃ ነው።

«ማን ላከሽ?» አለ ዮታም በዕብራይስጥ።

ትከሻዋን ሰበቀች። «ዕብራይስጥ የለም። እኔ ጽዳት።»

ብልቃጧን ነጠቃት። ኪሷን አስገለበጣት። ባልዲው ላይ ጎንበስ አለ።

መወልወያ ጨርቋ ውሃው ውስጥ ነው።

ጥቁሩን ውሃ አይቶ አፍንጫውን ያዘ። «ያላ፣ ውጪ! ጨርቅሽንም ይዘሽ ጥፊ!»

እርጥቡን ጨርቅ በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ጨርቁ ውስጥ ሌላ ብልቃጥ አለ። ጠዋት ከቢጫው የሕክምና ቆሻሻ መጣያ ያነሳችው። ያልተነካ ደም። የዛሬ ቀንና የፋንትነሽ ስም ተጽፎበታል።

ፋንትነሽ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ለብቻዋ ተቀምጣለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የዛሬው የመጨረሻ ሙከራዋ ነው።

«ምሥራቅዬ! እኩለ ቀን ላይ ነው አሉኝ። እጅሽን እይዛለሁ ብለሽኛል፣ እንዳትረሺ!»

«እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«ያኔ ለሕሙማን የለገስነውን ደም የኢትዮጵያውያን ነው ብለው ደፉብን። ዛሬ ይኸው፣ በገዛ ደሜ ልጅ ላገኝበት!» ብላ ሳቀች።

ልደት ልትነግራት ጠጋ አለች። ዮታም ከመስታወቱ በስተጀርባ ቆሟል። አንድ ቃል ብትተነፍስ መዝገቡም የጨው ውሃውም በደቂቃ ይጠፋል።

ወጣች።

የመርማሪዎቹ አለቃ ባራክ በከተማው ባቡር ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቀና አላለም።

«ሰሊጥ?»

«ተነቅቶብኛል። ሳሪት ከዳችን።»

«ዕቃውስ?»

ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አኖረች። «አንዲት ሴት እየጠበቀች ነው። ሳይወጓት ግቡ።»

«በሰደር፣ እሺ። ምሥራቅ የምትባል ሴት ከዚህ በኋላ የለችም። ስልኳንም ጣዪው።»

መርማሪዎቹ እኩለ ቀን ሳይሞላ ክሊኒኩ ገቡ። መርፌው አልተወጋም።

ከሰዓት በኋላ ልደት የባቡር ፌርማታ ወንበር ላይ ሆና በምሥራቅ ስልክ የገባውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ከፈተች።

«ምሥራቅዬ፣ ዘጉት እኮ! ሁሉንም ሰው ጠየቅሁ፣ የሚነግረኝ አጣሁ። ደሜን የት አደረሱት? አንቺስ የት ገባሽ? እጄን ትይዥኛለሽ ብዬ…»

አልተደፋም፣ እትዬ። እኔ አንስቼዋለሁ።

ይህን ጮክ ብላ ማለት አትችልም። ሲም ካርዱን አውጥታ ለሁለት ሰበረችው። ሻሿን ፈታች። ባቡሩ ሲመጣ ከሚሳፈሩት ጋር ገባች፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

እጇ ገና የወለል ሳሙና ይሸታል።